ቅቤ የጠጣ ሞተር

ዘመኑ ሁለት ሺህ ስምንት ነው፣ የመስቀል ሰሞን። እኔ ስልሳ ሦስት ዓመቴ ነበር። በዚያ ዕድሜ ሰው ስሙን ሠርቶ የጨረሰ ይመስለዋል። እኔም መስሎኝ ነበር። ታላቅ ወንድሜ በአንድ ጧት፣ ጎርጎራ ባሕሩ ዳር፣ ሰው በተሰበሰበበት ሌባ አለኝ።

ነገሩ በጀልባ ሞተር የመጣ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ስለ ሞተሩ መናገር አለብኝ፤ ያለዚያ ማን እንደዋሸ አይታወቅም።

ጀልባዋ የእኔ ነበረች፣ ሞተሩ የወንድሜ። እሱ አዘዞ ነው ቤቱ፣ እኔ ጎርጎራ። መኪና ወደማይገባባቸው የማዶ መንደሮች ሰውና ዕቃ አመላልሳለሁ። ካህኑን፣ ሙሽራውን፣ በሽተኛውን፣ ጤፉን፣ ዶሮውን፣ ሁሉንም። ብዙ ጊዜ ዕቃው ብቻውን ነው የሚሄደው፤ ባለቤቱ ጆንያውን አስሮ «ለእገሌ ስጥልኝ» ይለኛል፣ እኔ አደርሳለሁ። ክረምት ሲገባ ባሕሩ ይከፋል፣ መንገደኛውም ይሳሳል። ያኔ ሞተሩን ፈትቼ በጆንያ ጠቅልዬ በሚኒባስ አዘዞ አስገባዋለሁ። ወንድሜ ቤት ይከርማል። ለመስቀል ወንድሜ ይዞት ይወርዳል።

ሞተሩ አሮጌ ነው። ባትሪ የለውም። ባትሪ ከሌለው እሳቱን ከየት ያመጣል ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው። እኔም ድሮ ጠይቄ ነበር፤ ጎንደር ያለ አንድ መካኒክ ፈትቶ አሳየኝ። የቀረውን ጣቴን ኮረንቲ እየመታው ተማርኩት።

ከላይ ቮላኖ የሚሉት ከባድ ክብ ብረት አለ። ገመዱ የሚጠመጠመው እሱ ላይ ነው። በሆዱ ውስጥ ማግኔት አለው። ገመዱን ስትስበው ቮላኖው ይዞራል፣ ማግኔቱም በቦቢናው አጠገብ ሽው ብሎ ያልፋል። ቦቢና ማለት የቀጭን ሽቦ ልቃቂት ነው። ማግኔቱ ባለፈ ቁጥር ሽቦው ውስጥ ኮረንቲ ይነቃል። ይሁን እንጂ ያ ኮረንቲ ደካማ ነው፤ ቤንዚኑን የሚለኩሰው ካንዴላ ጫፍ ላይ ያለችውን ክፍተት ሊዘላት አይችልም። ጉልበት የሚያገኘው ከቮላኖው ሥር ካሉት ሁለት ትንንሽ ብረቶች ነው። መካኒኩ ስማቸውን ነግሮኝ ነበር፣ ጠፋብኝ። እኔ ከንፈር ነው የምላቸው። ከንፈሮቹ ሲገጥሙ ኮረንቲው በእነሱ በኩል ዝም ብሎ ይዞራል። ቮላኖው ሲዞር መሐሉ ላይ ያለ ጉብታ ይመጣና ያላቅቃቸዋል። በተላቀቁባት ቅጽበት የኮረንቲው መንገድ ተቆረጠ ማለት ነው። ያኔ መውጫ እንዳጣ ወይፈን ይቆጣና በወፍራሙ ሽቦ ሮጦ ካንዴላው ላይ ይወጣል። ጣ ይላል። ሰማያዊ ነው። ቤንዚኑን የሚያቃጥለው እሱ ነው። ሞተር ማለት ይኸው ነው፤ ሌላው ሁሉ ብረት ነው።

እነዚያ ከንፈሮች ደረቅና ንጹሕ መሆን አለባቸው። በመካከላቸው ቅባት ከገባ ለዓይን ቢገጥሙም አልገጠሙም። ኮረንቲው አይዞርም። ያልዞረ ነገር ደግሞ አይቆረጥም። ካልተቆረጠ እሳት የለም። ይህን የሚያህል ሞተር፣ ጥፍር በማታህል ቦታ ላይ ቅባት ነክቶት ይሞታል።

ወንድሜ ደግሞ የጠመንጃ ሰው ነው። በእኛ አገር ወንድ ልጅ መጀመሪያ ብረት የሚያውቀው በጠመንጃ ነው፤ ጠመንጃ ደግሞ ካልቀቡት ይዝጋል። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጠመንጃውን ፈትቶ ይወለውላል። ዘይት ሲያጣ በቅቤ። «ብረት ቅባት ይወዳል» ይላል፣ ሌላ ነገር የሚል አይመስልህም። የቤቱ መዝጊያ ቅቤ ይቀባል። መጥረቢያው ቅቤ ይቀባል። የሚስቱን የልብስ ስፌት መኪና አንድ ጊዜ በቅቤ አጥቦላት፣ ለሰው የሰፋችው ነጭ ቀሚስ ሁሉ ነጠብጣብ ያዘና ሰፈሩ ሲስቅባት ከረመ። እሷ አለቀሰች። እሱ «ድምፁን ስሚው እስቲ፣ እንዴት እንደለሰለሰ» አላት።

ያን ክረምት እኔ ጎርጎራ ላይ የአንድ ሌላ ባለጀልባ ሞተር ሠራሁ። ከእኛው ጋር አንድ ዓይነት ነው፣ አንድ እናት የወለደቻቸው። ከፋሲካ ጀምሮ ሞቶ የተቀመጠ ነበር። የወፍራሙ ሽቦ ልባስ ተልጦ እሳቱ ካንዴላው ሳይደርስ መንገድ ላይ ይፈስ ነበር፤ ሽቦውን ቀየርኩለት፣ ተነሣ። ለፍልሰታ ጾም ደግሞ አዘዞ ወጥቼ ወንድሜ ቤት ሰነበትኩ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ስለሚቀርበኝ። ያስተኙኝ ሞተሩ ያለበት ክፍል ነው። እነዚህን ሁለት ነገሮች አንድ ላይ ቋጥሮ ሌባ የሚያወጣባቸው ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብኩም።

መስቀል ባለፈ በሳምንቱ ወንድሜ ሞተሩን ይዞ ወረደ። ሚስቱም አብራው ነበረች፣ ማዶ ለቅሶ መድረስ ነበረባት። ጀልባዋ ሞልታለች። ሞተሩን ገጠምኩ፣ ቤንዚኑን ከዘይቱ ቀላቅዬ ሞላሁ፣ ገመዱን ሳብኩ። ዝም። ደግሜ ሳብኩ። እስኪያልበኝ ሳብኩ። ያ እኔ የሠራሁለት ባለጀልባ ከጎናችን ነው የቆመው፤ የሱ በአንድ ስበት ተነሣና ሄደ። ጭኖ አድርሶ ተመለሰ፣ እኔ ገና ገመድ እስባለሁ።

«ምነው አያ፣ ሞተሩ ፍልሰታን አልፈታም እንዴ?» አለኝ እየሳቀ።

ካንዴላውን ነቀልኩና ብረቱ ላይ አስደግፌ ያዝኩት። የካንዴላ እሳት በፀሐይ አይታይም። ጋቢዬን በራሴ ላይ ጣል አድርጌ ጨለማ ሠራሁ፣ በአንድ እጄ ገመዱን ሳብኩ። ምንም የለም። ከጋቢው ወጣሁና «እሳት የለውም» አልኩ።

እኔ ይህን ያልኩት መካኒክ እንደሚለው ነው። ወንድሜ የሰማው ሌላ ነው። ወደዚያኛው ጀልባ አየ፣ ወደ እኔ አየ።

«ሰኔ ላይ ነበረው» አለ። «እሳቱን ማን ወሰደው?»

«ማንም አልወሰደው። ሆዱን ልየው።»

«ሆዱንማ አይተኸዋል። እኔ ቤት ተኝተህ፣ የእኔን የጾም ምሳ እየበላህ ሆዱን ገልብጠህ ለዚያኛው ሰጠኸው። የሱ ሞቶ የነበረው ተነሥቷል፣ የእኔ ደህናው ሞቷል። ሌባ።»

 ያ ባለጀልባ እንኳ ሳቁን ተወ።  እጄ ቁልፍ ፈልጎ አገኘ። የቮላኖውን ብሎን ፈታሁ፣ በካቻቢቴ ሥሩን እየደገፍኩ ከላይ መታ መታ አደረግኩት፣ ተነሣ። ከመነሣቱ በፊት ነው ሽታው የመጣው። የከረመ ቅቤ ሽታ። ሆዱ ቢጫ ሆኗል። ማግኔቱ፣ ቦቢናው፣ ከንፈሮቹ፣ ሁሉም በረጋ ቅቤ ተለስነዋል፣ ላዩ ላይ አቧራና ገለባ ተለጥፎበታል።

«ይህን ማን አደረገው?» አልኩ።

የወንድሜ ሚስት ናት ቀድማ የመለሰችው። «ጾሙንማ ፈትቷል» አለች ለዚያ ለባለጀልባው። «ለፍልሰታ ፍቺ ያነጠርኩትን አንድ ቅል ቅቤ ነው የጠጣው። እኔ እንኳ አልቀመስኩት።»

ሰው ሳቀ። ወንድሜ አላፈረም። ለምን ያፍራል? ሞተሩ ቮላኖ ላይ መስኮት የምትመስል ትንሽ ቀዳዳ አለችው፤ ቅቤውን አቅልጦ በዚያች ቀዳዳ አንቆርቁሮለታል። ክረምት ነው፣ እርጥበት አለ፣ እንዳይዝግ አዝኖለት ነው።

«እኔ ነኝ የቀባሁት» አለ። «ብረት ቅባት ይወዳል።»

«ይህ ቦታ አይወድም፣ አያ። ይህ ቦታ ደረቅ ካልሆነ እሳት አይወጣም።»

«አንተ ራስህ አሁን በዓይኔ እያየሁ ቤንዚኑ ውስጥ ዘይት ጨመርክ። ዘይት የሚጠጣ ሞተር ቅቤ ምን ያደርገዋል? ቅቤ ያበላሸው ብረት አይቼ አላውቅም።»

ሲሰሙት እውነት ይመስላል። ቆመው የሚያዩት ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ደግሞ የዘይቱ ቦታ ሌላ የእሳቱ ቦታ ሌላ ብዬ ላስረዳ ጀመርኩ፣ ቃል አነሰኝ። ንግግር ሲያንሰኝ ሥራ ይሻለኛል። በቤንዚን ሁሉንም አጠብኩት። ከንፈሮቹን በጨርቅ አደረቅኩ፣ ከዚያ የክብሪት ቀፎ ቀድጄ በመካከላቸው እያስገባሁ ፈተግኳቸው፣ ነጭ እስኪሆኑ። ቮላኖውን መለስኩ፣ አጠበቅኩ። ከዚያ ወንድሜን በክንዱ ይዤ አጠገቤ አስቀመጥኩት፣ ጋቢዬን በሁለታችን ራስ ላይ ጣልኩ።

ልጅ ሆነን በብርድ እንዲህ እንተኛ ነበር። ትንፋሹ ይሰማኛል። ካንዴላውን ብረቱ ላይ ያዝኩና ገመዱን ሳብኩ። ጣ አለ፣ ሰማያዊ። ደግሜ ሳብኩ፣ ጣ አለ።

«አየህ?» አልኩት።

«አየሁ» አለኝ፣ በዝግታ።

ያን ጊዜ ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። ከጋቢው ውስጥ ወጣን። ሰዉ አንገቱን አስግጎ ይጠብቃል። ባለጀልባው «ምን አያችሁ አያ፣ ጨረቃ?» ሲል ወንድሜ ጋቢውን ከትከሻው ላይ አራገፈና አንድ ቃል ተናገረ።

«መለሰው።»

አልገባኝም መጀመሪያ። ለሰዉ ግን ወዲያው ገባው። የሰረቀውን ዕቃ፣ ያ በሆዱ ውስጥ የጎደለውን፣ በጨርቅና በክብሪት ቀፎ ሸፍኖ መለሰው ማለቱ ነው። ሞተሩን ባልሠራው ኖሮ ሰርቆ አበላሸው ይሉኝ ነበር። ሠራሁት፣ ሰርቆ መለሰው ተባልኩ። እሳቱ ራሱ መሰከረብኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላል የእኛ ሰው። ወንድሜም አንዴ ሌባ ብሏል፣ በሰው ፊት፤ ከዚያ አፋፍ ወርዶ ቃሉን የሚያነሣ ሰው አልነበረም። ቅቤውን ተጠያቂ ከማድረግ እኔን ተጠያቂ ማድረግ ቀለለው።

ተሻገርን። ሞተሩ እንደ ንብ ይዘምራል።  ከፊቴ የተቀመጠች አንዲት ሴት ከረጢቷን አንሥታ ጉያዋ ውስጥ አስገባች። እኔ እጄ ሞተሩ ላይ ነው፣ በየት በኩል እሰርቃታለሁ?

ከዚያ በኋላ ጆንያ ብቻውን አልመጣም። ይጭናሉ፣ ግን አብረው ይሳፈራሉ፣ ወይም ልጅ ይልካሉ፣ ወይም ያንን ባለጀልባ ይጠብቃሉ። ማንም ፊት ለፊት ያለኝ ነገር የለም። እንቁላል እንኳ ቆጥረው ነው የሚያስረክቡት። እኔ የፈለግኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወንድሜ እዚያው ዳር ላይ፣ በሰው ፊት፣ «ቅቤው ነው» እንዲል። ሁለት ቃል ነው። ይቅርታ አልጠየቅኩም። ካሳ አልጠየቅኩም።

ጥምቀት አልፎ ሽማግሎች ገቡ። ወንድሜ ግቢ፣ አዘዞ ተቀመጥን። ሞተሩንም አምጣው ስላሉኝ ከጀልባዋ ፈትቼ ተሸክሜ መጥቻለሁ፤ በውሃ በርሜል ጠርዝ ላይ አሰርኩት፣ እንዲህ ሲሆን ያለ ባሕርም ይሠራል። አስነሥቼ አሰማኋቸው፣ አጠፋሁት። ሽማግሎቹ ብዙ ተናገሩ። ወንድም ጋሻ ነው፣ ደም ውሃ አይሆንም፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ንጋቱ ሲጠራ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ተራዬ ሲደርስ እንዲህ አልኳቸው፦ «ቅቤ አምጡ። አቅልጡና በዚያችው ቀዳዳ አፍስሱበት። ከዚያ ገመዱን እናንተው ሳቡት። ቅቤ ጠጥቶ ከተነሣ እኔ ሌባ ነኝ፣ እምላለሁ አልልም፣ በዓይናችሁ እዩት።»

ሽማግሎቹ ተያዩ። ታላቃቸው ፈገግ አለ።

«ደህናውን ሞተር ልታበላሽብን ነው እንዴ፣ አንተ ልጅ?»

«ያበላሸዋል ማለት ነው?» አልኩት።

«አላልኩም። ምን አስቸኮለን ነው ያልኩት።»

«ካላበላሸው ምን ያስፈራናል? ካበላሸው ደግሞ ነገሩ አለቀ።»

«አፍህ ሹል ነው» አለኝ፣ ሌሎቹም ሳቁ። «እኛ የመጣነው ለእርቅ ነው። ፍርድ ከፈለግህ ፍርድ ቤቱ ያውልህ። ታላቅህን በበርሜል ፊት አቁመህ ልትፈትነው አይገባም።»

ቅቤ ጓዳ ውስጥ ነበረ፣ ከተቀመጥንበት ብዙም አይርቅም። ማንም አላመጣም። ወንድሜ እስከዚያ ድረስ መሬት መሬት ነበር የሚያየው። አሁን ቀና አለ።

«እኔ ይቅር ብዬዋለሁ» አለ።

ሽማግሎቹ ደስ አላቸው። እሰይ፣ እሰይ፣ ይህ ነው ታላቅነት ተባለ። ወደ እኔ ዞሩና ተነሥና ጉልበቱን ሳም አሉኝ። ወጉ ነው፣ አውቃለሁ፤ ታናሽ ዝቅ ይላል፣ ጉልበት ይስማል፣ ታላቅ ያነሣዋል፣ ይሳሳማሉ። ግን ይቅር የተባለ ሌባ ነው እንግዲህ ያንን ጉልበት የሚስመው። ባልሰረቅኩት ይቅር ልባል። ተነሣሁ። ሲያዩኝ ልስም የተነሣሁ መስሏቸው መንገድ ለቀቁልኝ። በመካከላቸው አልፌ ወጣሁ።

የወንድሜ ሚስት በሩ ጋ ደረሰችብኝ፣ ነጠላዋን እየሰበሰበች።

«ወንድሜ፣ ምነው ብትስመው? ጉልበት ነው። ምን ይጎዳሃል?»

«አንቺ አታውቂም ወይ? ቅቤውን ያነጠርሽው አንቺ አይደለሽም?»

«አውቃለሁ» አለችኝ። «እሱ ግን ከእኔ ጋር ነው የሚያድረው።»

በሷ አልፈረድኩም። ሞተሩን እዚያው በርሜሉ ላይ ትቼ በሚኒባስ ተሳፈርኩ። ወንድሜ ሞተሩን ኋላ ለሰው ሰጠው፣ ሰዎቹ ሲሠራ ሰነበተ ይላሉ። እሱም አርጅቶ ሞተ። ቀብሩ ላይ ነበርኩ፣ አፈር አልብሼዋለሁ። ለቅሶ ላይ አንዱ ሽማግሌ «እንኳን በጊዜው ታረቃችሁ» አለኝ። በለቅሶ ቦታ ክርክር አይነሣም ብዬ ተውኩት።

ከእርቁ ማግስት ጧት ግን ጎርጎራ ነበርኩ። ጀልባዋ ከኋላዋ ባዶ ነበረች፤ ሁለት መቅዘፊያ ከጎረቤት ተዋስኩ። ጥቂት መንገደኛ መጣ፣ ያኛው ጀልባ ገና አልደረሰም ነበር። ጫንኳቸው። ከፊት ለፊቴ የተቀመጠው አንድ የማዶ ገበሬ ነው፣ ጨው ገዝቶ የሚመለስ። ከዳር ትንሽ ራቅ እንዳልን ሞተሩ የነበረበትን ቦታ አየና ጠየቀኝ።

«አያ፣ ሞተሩስ?»

«ለባለቤቱ መለስኩለት» አልኩ።

ሰውየው ራሱን ነቀነቀ፣ ከልቡ ነው። «ሸጋ አደረጉ አያ» አለኝ። «የሰው ሐቅ መመለስ ነው የሚሻለው።»

መቅዘፍ አቆምኩ። ሌሎቹ ውሃውን ውሃውን ያያሉ። ጀልባዋን አዞርኩና ወደ ዳር ቀዘፍኩ። ጨዉን ራሴ ተሸክሜ ደረቅ መሬት ላይ አስቀመጥኩለት፣ እሱን በእጁ ይዤ አወረድኩት፣ ምን አጠፋሁ እያለ። የቀሩትን ይዤ ተሻገርኩ።